የአረንጓዴው አገር ተደራዳሪ

ኖ ማልሱን በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጀመሪያው ቀን የክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ ፕሮፌሰራችን መስላን ሁላችንም ብድግ አልን። እሷ ግን ከእኔ አጠገብ ያለውን ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና፣ «ምነው ልጆች? ተቀመጡ እንጂ! እኔም እንደናንተው ልፈተን የመጣሁ ነኝ» አለች።

እኔ ኢንሶ እባላለሁ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በወደብ ከተማዋ ቡሳን ኮረብታ ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲያችን የዓለም አቀፍ ግንኙነትና ፖለቲካ ትምህርት ክፍል ገብቼ፣ አራት ዓመት አንብቤ፣ የዲፕሎማቶችን ፈተና በመጀመሪያ ሙከራ አልፌ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ አምባሳደር እሆናለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። የሚፎካከረኝ ሃንግዮል የሚባል ረጅም ልጅ ነው። አባቱ ዲፕሎማት ስለሆነ ሦስት አገር ተዘዋውሮ አድጓል፤ የሦስቱንም ቋንቋ ይናገራል፤ መናገሩን ደግሞ ሁሉም እንዲያውቅለት ይፈልጋል። እኔም እሱም ያቺን ሴት ከቁም ነገር አልቆጠርናትም።

ማልሱን በወደቡ የዓሣ ጨረታ ሃያ ሰባት ዓመት የገዢነት ፈቃድ ይዛ የሠራች ናት። ጎህ ሲቀድ ጨረታው ላይ ትቆማለች፤ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል ትደርሳለች። የላስቲክ ቦቲዋን ኮሪደር ላይ በጫማ ትቀይራለች፤ ሽታው ግን አብሯት ይገባል። አንድ ቀን ሃንግዮል አፍንጫውን ሸፈን አድርጎ መስኮቱን ሲከፍት አየችው።

«ክፈተው የኔ ጌታ፣ ንጹሕ አየር ማንን ጎዳ!» አለችው። «ይሄ ሽታ ግን ሦስት ልጅ አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። ያንተ ሽቶ እስካሁን ምን ሠራ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃንግዮል እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን መስኮት የሚከፍት ጠፋ።

እኔ መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራት። አንድ ሳምንት ታገሰችኝና፣ «ስሚ ኢንሶ፣ አንቱታውን ለአያቶችሽ አስቀምጪው። እዚህ ክፍል ውስጥ ሁላችንም እኩል አላዋቂ ነን» አለችኝ። በስንት ክርክር «እትዬ» በምትለው ላይ ተስማማን። አብረን ማጥናት ጀመርን። እኔ መጽሐፉ የሚለውን አስረዳታለሁ፤ እሷ ደግሞ መጽሐፉ ያልመለሰውን ትጠይቀኛለች። አብዛኛውን ጊዜ መልስ የማጣው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ መታገስ አቅቶኝ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ሰው በዚህ ዕድሜ ቢማር ሥዕል ይማራል፣ ጭፈራ ይማራል። ፖለቲካ ምን ያደርግልሻል?»

«ባለቤቴን ጋፕሱን አታውቂውም አይደል?» አለችና ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ፤ ግራጫ የሥራ ጃኬት የለበሰ፣ ካሜራ የማይወድ ሰው። «የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነበር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት መስመር አልፈሃል ተብሎ የጎረቤት አገር ጠረፍ ጠባቂዎች ያዙት። አርባ አንድ ቀን አሰሩት። በሕይወት መኖሩን የሰማሁት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ እሱንም ከሬዲዮ። ተፈትቶ ሲመጣ ጀልባውን ሸጠ። አሁን የሰው መረብ ይጠግናል። ስለዚያ ጉዳይ ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።»

አንገቴን ደፍቼ መብላቴን አቆምኩ።

«አንገትሽን አትድፊብኝ፣ ብዪ!» አለች ሳህኔን ወደ እኔ እየገፋች። «ላለቅስ አይደለም የመጣሁት። ውሃ ላይ የተሰመረ መስመር አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አርጅቼ አላየሁም። ማን እንዳሰመረው፣ ለምን እዚያ ጋ እንዳሰመረው ሳላውቅ አልሞትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

የመስመሩን ነገር እንኳ በሁለተኛው ዓመት ላይ ደረሰችበት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ የስምምነት ሰነድ ከካርታው ጋር ዘርግታ፣ መነጽሯን አውልቃ ስትስቅ አገኘኋት። «ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በማስመሪያ አጋመሱት፤ አለቀ!» አለችኝ። «አንድም ሰው ዓሣው በየት በኩል እንደሚያልፍ አልጠየቀም።»

በሦስተኛው ዓመት የፕሮፌሰር ቹ የድርድር ትምህርት ደረሰ። ፕሮፌሰር ቹ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሲያሞግሱ እንኳ የሚያስፈሩ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ተማሪዎቻቸውን በሁለት የፈጠራ አገሮች ስም ከፍለው ሙሉ ቀን ያደራድራሉ። ጠዋት በዝግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለማንም ሰው ይከፈታል። የሴሚስተሩ ግማሽ ነጥብ የሚገኘው በዚያች አንድ ቀን ነው።

የዚያ ዓመቱ ጉዳይ የተጻፈበት ወረቀት ሲታደለን ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ ክው አልኩ። ሰማያዊ አገርና አረንጓዴ አገር በባሕር ይዋሰናሉ። አንድ የሰማያዊ አገር የዓሣ ጀልባ መስመር አልፎ በአረንጓዴ አገር ጠረፍ ጠባቂዎች ተይዟል። ሁለቱ አገሮች ስለ እስረኞቹና ስለ ባሕሩ ይደራደራሉ። ፕሮፌሰሩ የማልሱንን ታሪክ አያውቁም፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዕጣ ወጣ። ሃንግዮል የሰማያዊው አገር ልዑክ መሪ ሆነ። የአረንጓዴው መሪ እኔ ሆንኩ፤ ምክትሌ ደግሞ ማልሱን። ከአሳሪዎቹ ወገን ማለት ነው።

ከክፍል እንደወጣን ክንዷን ያዝኳት።

«እትዬ፣ ፕሮፌሰሩን ላነጋግርና ወደ ሰማያዊው ያዛውሩሽ። ይገባቸዋል።»

«ለምን ሲባል?»

«እንዴት ለምን ሲባል! የእነዚያን ሰዎች አፍ ሆነሽ ልትናገሪ?»

ቆም ብላ አየችኝ። «ጨረታ ላይ ጎበዝ የሚባለው ገዢ የሻጩን ሆድ ያወቀ ነው» አለች። «እኔ ይኸው ስንት ዓመት እነዚያን ሰዎች ስረግም አንድ ቀን እንኳ እነሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላየሁም። አሁን ወንበሩ በዕጣ ደረሰኝ፤ አልለቅም! አንቺም አፍሽን ያዢ።»

ሦስት ሳምንት ተዘጋጀን። እኔ የዓለም አቀፉን የባሕር ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ስሸመድድ፣ እሷ ከጉዳዩ ወረቀት ኋላ በተያያዘው ሠንጠረዥ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ሠንጠረዡ የአረንጓዴው አገር ወደቦች በየወሩ ስንት ቶን ዓሣ እንዳወጡ የሚያሳይ ነው፤ እኔ አልፌው ነበር።

«እነዚህ ሦስት ወሮች ለምን ባዶ ሆኑ?» አለችኝ።

«የጽሕፈት ስህተት ይሆናል።»

«ስህተት አይደለም ልጄ። ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ነው። የገዛ ሰዎቻቸውን ሦስት ወር ሙሉ ከባሕር አስወጥተዋል።» ጣቷን ጀልባው በተያዘበት ቀን ላይ አሳረፈች። ቀኑ ከሦስቱ ወሮች በአንዱ ላይ ነበር። «የኔም ሰውዬ የተያዘው ልክ በዚህ ወቅት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እነሱ ልጆቻቸው ሥራ ፈትተው ወደብ ላይ ተቀምጠው፣ የሌላ አገር ጀልባ ገብቶ መረብ ሲጥል ያያሉ። እኔም ብሆን እይዘው ነበር።»

ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይሄን ማለቴን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «ገና ከራሴ ጋር አልጨረስኩትም።»

የድርድሩ ዕለት ጠዋት ሃንግዮል ጥቁር ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ መጣ። አርባ ደቂቃ ተናገረ። ንግግሩ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። መስመሩ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እኛ ወገን ይገፋ አለ፤ እስረኞቹ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይፈቱ አለ። እኔም አላነስኩም፤ አንቀጽ ሲጠቅስ አንቀጽ እጠቅሳለሁ፣ ሲቆጣ እቆጣለሁ። ማልሱን እጇን አጣምራ ታዳምጣለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለታችንም ድምፃችን ተዘግቷል፤ ጉዳዩ ግን ከጀመርንበት ፈቀቅ አላለም።

ለምሳ ልዑካኑ ለየብቻቸው ነው የሚወጡት። ማልሱን ግን ተነሥታ ሰማያዊዎቹ በር ላይ ቆመች።

«ኑ፣ አብረን እንብላ። ተርቦ የተስማማ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ደንቡ ይፈቅዳል?» አለ ሃንግዮል።

«አንተ ደግሞ! ሾርባ የሚከለክል አንቀጽ ካለ ጥቀስልኝ።»

ከግቢው በታች ያለች ጠባብ የዓሣ ሾርባ ቤት ወሰደችን። የሾርባ ቤቷ ባለቤት ታውቃት ስለነበር ሳናዝዝ መጣልን። ማልሱን ከሃንግዮል ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ሩዙን እስኪጨርስ ጠበቀችውና ጠየቀችው።

«እውነት እውነቱን ንገረኝ። ዛሬ ከዚህ ወደ አገርህ ስትመለስ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቁህ እነማን ናቸው?»

«ጋዜጠኞች» አለ። አሰብ አደረገና፣ «የእስረኞቹም ቤተሰቦች ይኖራሉ» አለ።

«ለእናቶቹና ለሚስቶቹ መስመሩ ወደ ምሥራቅ ተገፋ ብትላቸው ምን ይሉሃል?»

ሃንግዮል ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምንም አይሉኝም። ልጆቻቸውና ባሎቻቸው የት እንዳሉ ነው የሚጠይቁኝ።»

«በል፣ የጎመን ኪምቺውን ጨርሰው» አለችው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። የሌላ ክፍል ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ የሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ማልሱን ከመግባታችን በፊት በእርሳስ የጻፈችውን ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ። ሦስት ነጥብ ነው ያለው። መስመሩ ካለበት አይነካም። ዓሣው እንቁላል በሚጥልባቸው ሦስት ወሮች የሁለቱም አገር ጀልባዎች ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ካለው ባሕር ይወጣሉ። የተያዘ ሰው ሁሉ ከተያዘ በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለቤተሰቡ ስልክ ይደውላል፤ አሁን የታሰሩትም ዛሬውኑ።

«ሦስተኛውን ማንም አልጠየቀንም!» አልኳት። «ለምንድን ነው በነፃ የምንሰጠው?»

«በነፃ ማን አለሽ? ሃንግዮል አሁን ባዶ እጁን ነው። ይዞት የሚገባ ነገር ያጣ ሰው ምንም አይሸጥልሽም። ይህን ስጪውና ሦስቱን ወር ይሰጥሻል።»

«እምቢ ቢልስ?»

«አይልም። ምሳ ላይ አይቼዋለሁ።» ፈገግ አለች። «መሪዋ አንቺ ነሽ፤ እምቢ ካልሽ ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

ሦስት ሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እዚያው ተውኩት። «አንቺ ተናገሪ» አልኳት።

ተነሥታ ቆመች። የዓሣ ጨረታ ላይ የሰለጠነ ድምፅ ማይክሮፎን አያስፈልገውም፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። የአረንጓዴው አገር አጥማጆች ሦስት ወር ሥራ ፈትተው የሚቀመጡት ለምን እንደሆነ፣ ያ ዓሣ ካለቀ ለሰማያዊውም እንደማይተርፍ ተናገረች። ከዚያ ስለ ስልኩ ተናገረች። ሰነድም አንቀጽም አልጠቀሰችም። ሃንግዮል አሥር ደቂቃ ጠየቀ፤ ከቡድኑ ጋር ወጥቶ ተመለሰ።

«የስልኩን ነጥብ ተቀብለናል» አለ። «የተዘጋውን ወቅት ግን ሁለት ወር እናድርገው።»

ማልሱን ሦስት ጣቷን አነሣች። ሃንግዮል ስለ ኢኮኖሚ ተናገረ፣ ስለ ሥራ አጥነት ተናገረ። ጣቶቿ እንደተነሡ ናቸው። በመጨረሻ ራሱ ሳቁ አመለጠው።

«እሺ እትዬ፣ ሦስት!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ስምምነቱ ተፈረመ። ፕሮፌሰር ቹ የሕዝብ ጥያቄ እንቀበላለን ሲሉ፣ ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ተነሣ። ግራጫ የሥራ ጃኬት ለብሷል። ከፎቶው ወዲያው ለየሁት፤ ጋፕሱ ነው። እንደሚመጣ አልነገራትም ነበር።

«ጥያቄዬ ለአረንጓዴው አገር ተወካይ ነው» አለ። ድምፁ ቀጭንና የሻከረ ነበር። «ያ የተያዘው ካፒቴን... መስመሩን ሳያውቅ ሳይሆን አውቆ አልፎት ቢሆንስ? ዓሣ አሳስቶት፣ ማንም አያየኝም ብሎ የገባ ቢሆንስ? እንዲህ ያለውም ሰው ስልክ ይደውላል?»

ማልሱን ቀስ ብላ ተነሣች። ሠላሳ ዓመት አብሯት ለኖረ ባሏ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በአንቱታ መለሰችለት።

«ጥያቄዎን አመሰግናለሁ ጌታዬ። አዎን፣ እሱም ይደውላል። ላጠፋው ጥፋት ፍርድ ቤት ቀርቦ ቅጣቱን ይቀበላል። ቤቱ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው ሴት ግን ምንም መስመር አላለፈችም።»

ሰውየው እጅ ነሣ። «ገባኝ» አለ። «አመሰግናለሁ።» ተቀመጠ።

ፕሮፌሰር ቹ እንደተለመደው አልራሩልንም። «መልካም ሠርታችኋል» አሉ፤ «ግን እነዚያን ሦስት ወሮች ማን ይቆጣጠራል? ተቆጣጣሪ የሌለው ስምምነት ወረቀት ነው።» እኔ አፌን ስከፍት ማልሱን ቀደመችኝ። «ልክ ነዎት ፕሮፌሰር፤ አምልጦናል። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚያ ላይ እሠራለሁ፤ አማካሪዬ ይሁኑ።» ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩዋት። በሦስት ዓመት ውስጥ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነጥቡ ላይ ግን ለተቆጣጣሪው ብለው አምስት ቀነሱብን።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚወስደውን ረጅም ደረጃ ሦስታችን አብረን ወረድን። መሃል ላይ ስትደርስ ማልሱን ቆመች።

«አውቀህ ነው ያለፍከው?»

«አውቄ ነው» አለ ጋፕሱ። «ዓሣው እዚያ ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት! ይሄን ሁሉ ዓመት እነሱን ስረግም አጠገቤ ተቀምጠህ ትሰማለህ?»

«አልጠየቅሽኝማ። ስለ እነሱ እንጂ ስለ እኔ መቼ ጠየቅሽ? አፍሬ ነበር፤ ጀልባውን የሸጥኩትም ለዚያ ነው።»

«አንተ የማትረባ ሽማግሌ!» ብላ በመጽሐፍ በተሞላው ቦርሳ ትከሻውን አለችው። እሱም ቦርሳውን ተቀብሏት ያዘው። «ስንት ኪሎ ነው ይሄ?» አለ። እሷ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። እኔ ስልኬን የማይ መስዬ ወደኋላ ቀረሁና፣ ሁለቱን አሳለፍኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ጋፕሱ አፉ ተፈታ። ማልሱን የመመረቂያ ጽሑፏን ስትሠራ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከማስታወሻ ሳይሆን ከጭንቅላቱ እያወጣ ያስጻፋት ነበር። ፕሮፌሰር ቹ ሦስት ጊዜ አስቀይረዋት በአራተኛው አሳለፏት። በስልሳ ዓመቷ ተመረቀች። እኔ የዲፕሎማቶቹን ፈተና መጀመሪያ ወደቅሁ። ሃንግዮልም ወደቀ፤ ያ ትንሽ አጽናናኝ። በሁለተኛው ዓመት ሁለታችንም አለፍን፤ ዛሬ አንድ ፎቅ ላይ ነው የምንሠራው፤ አሁንም እንፎካከራለን።

የወደቡ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ባለፈው ጸደይ የባሕር ማዶውን ጎረቤት አገር አጥማጆች ዓሣው እንቁላል ስለሚጥልባቸው ወሮች ሲያነጋግር ማልሱንን ወኪሉ አድርጎ ላካት። በሁለተኛው ቀን ከዚያው ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ሰዎቹ እንዴት ናቸው?»

«እንደኛው ናቸው፤ ግትር!» አለች፤ ከኋላዋ የሰው ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማኛል። «ትናንት ማንም ማንንም አልሰማም። ዛሬ ምሳ ጋበዝኳቸው። በይ ልዝጋው፣ ከአሥር ሰዓት በፊት አስፈርማቸዋለሁ።»

ዘጠኝ ተኩል ላይ አስፈረመቻቸው።